ጌዮርጌ ሃጂ፦ ከትልልቅ ክለቦች ወንበር ወደ ታዳጊዎች ሜዳ

(ለታዳጊ ቡድን አሰልጣኞች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሰዓት ከልምምድ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ ከቱታችሁ ያስታውቃል። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ኳስ ወዳዶች በተሰበሰቡበት ሁሉ የማይቀር አንድ ክርክር አለ። ታላቅ ተጫዋች የነበረ ሰው ታላቅ አሰልጣኝ ይሆናል ወይ? አንዱ በአሰልጣኝነትም የተሳካለትን ክሩይፍን ይጠራል። ሌላው በአሰልጣኝነት ያልሆነለትን ማራዶናን ይጠራል። ሻዩ ቀዝቅዞም ክርክሩ አያልቅም። እኔ ዛሬ ጥያቄውን በአንድ ሰው ሕይወት በኩል ላሳያችሁ። ሰውየው ሩማኒያዊው ጌዮርጌ ሃጂ ነው።

ሃጂን የመረጥኩት ታሪኩ ለሁለቱም ወገን ስለማይመች ነው። በተጫዋችነቱ የሚከራከር የለም። አሰልጣኝ ሲሆን ግን ለዓመታት አልሆነለትም። ከወንበር ወንበር ተዘዋወረ፤ ተሰናበተ፤ ጥሎም ወጣ። በመጨረሻ አገሩ ገብቶ፣ የራሱን ገንዘብ አፍስሶ፣ የልጆች አካዳሚ ከፈተ። የተሳካለት ያኔ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ሃጂ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ የሚችለው ነገር ጊዜ የሚፈልግ ነበር። ትልልቆቹ ክለቦች ደግሞ ያንን ጊዜ አይሰጡም። ይህን ነው ዛሬ ላስረዳችሁ የምሞክረው። ዓመተ ምህረቶቹን በሙሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሃጂ የተወለደው የካቲት 5 ቀን 1965 ነው፤ ሰቸሌ በምትባል መንደር። መንደሯ ያለችው ጥቁር ባሕር ዳር ባለው በኮንስታንፃ አውራጃ ነው። ቤተሰቡ አሮማኒያውያን ናቸው። እነዚህ ሰዎች በባልካን አገሮች ተበትነው የሚኖሩ፣ ከጥንት ጀምሮ በበግ እርባታ የሚታወቁ ሕዝቦች ናቸው። ልጁ ኳስ የጀመረው እዚያው አካባቢ፣ በፋሩል ኮንስታንፃ የታዳጊ ቡድን ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚያን ጊዜ ሩማኒያ በኮሚኒስቱ መሪ በቻውሼስኩ አገዛዝ ሥር ነበረች። አገዛዙ ምን ያህል ጨካኝ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በስፖርት በኩል ግን አንድ ነገር ይሠራ ነበር፤ ተሰጥኦ ያለውን ልጅ ገና በጠዋቱ እየፈለገ ይሰበስብ ነበር። የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ከየአውራጃው የመረጣቸውን ታዳጊዎች ቡካሬስት አምጥቶ ሉቻፈሩል በተባለ ማዕከል ያሠለጥን ነበር። ሃጂም ከባሕር ዳርቻው ተለቅሞ እዚያ ገባ። ቤተሰቡን ትቶ፣ ልጅነቱን በማደሪያና በልምምድ ሜዳ አሳለፈ። ወደ ፋሩል ተመልሶ በመጀመሪያው ዲቪዚዮን መጫወት ሲጀምር 17 ዓመቱ ነበር።

ቀጥሎ የቡካሬስቱ ስፖርቱል ስቱደንፄስክ ወሰደው። በ1983 ደግሞ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ሚርቻ ሉቼስኩ ከኖርዌይ ጋር በነበረ ጨዋታ አሰለፈው። ዕድሜው 18 ነበር። ሉቼስኩ ወጣት ተጫዋች አይቶ የማያልፍ ሰው ነበር። በኋላ ጣልያን ሄዶ ብሬሻን ሲያሠለጥን፣ ጣልያናዊውን አማካይ አንድሬያ ፒርሎን ገና ታዳጊ ሳለ ወደ ዋናው ቡድን ያመጣውም እሱ ነው። ሃጂ አሰልጣኝ የመሆንን ነገር ያየው ከእንዲህ ዓይነት ሰው ሥር ሆኖ ነው።

በ1985 እና በ1986 የሩማኒያ ሊግ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ብቻ 31 ጎል አገባ። ልብ በሉ፣ አጥቂ አይደለም፤ አማካይ ነው። በየካቲት 1987 ስቴዋ ቡካሬስት ከዲናሞ ኪየቭ ጋር ለአውሮፓ ሱፐር ካፕ ሲጋጠም ሃጂን ለዚያ አንድ ጨዋታ ተዋሰው። ሞናኮ ላይ 1 ለ 0 አሸነፉ። ጎሉ የሃጂ ቅጣት ምት ነበር። ስቴዋ ልጁን አልመለሰውም። እዚያው ቀረ። ከስቴዋ ጋር በ1989 የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በኤሲ ሚላን 4 ለ 0 ተሸነፈ።

የሩማኒያ ተጫዋች እንደ ልቡ ውጭ ወጥቶ መጫወት አይችልም ነበር። በታኅሣሥ 1989 አገዛዙ ወደቀ። በተከታዩ ዓመት ሃጂ ሪያል ማድሪድ ገባ። እዚያ ሁለት ዓመት ቆየ፤ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። ከዚያ ወደ ብሬሻ ሄደ፤ አሰልጣኙ ሉቼስኩ ነበርና። ራዱቾዩ፣ ሳበውና ማቴውጽ የተባሉ ሩማኒያውያንም እዚያ አልፈዋል። ብሬሻ በ1993 ከጣልያን ከፍተኛ ሊግ ከሴሪ አ ወደ ሴሪ ቢ ወረደ። ከሪያል ማድሪድ የመጣ ተጫዋች ሁለተኛ ዲቪዚዮን ላይ ሲጫወት አስቡት። ሃጂ ግን አልሄደም። ዓመቱን ተጫውቶ ቡድኑን ወደ ሴሪ አ መለሰና ወደ አሜሪካው የዓለም ዋንጫ ሄደ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሰኔ 18 ቀን 1994፣ ካሊፎርኒያ፣ ሮዝ ቦውል ስታዲየም። ሩማኒያ ከኮሎምቢያ። ፔሌ ሳይቀር ለዋንጫ የጠበቃት ኮሎምቢያ ናት። ራዱቾዩ ቀድሞ አንድ አስቆጥሯል። 34ኛው ደቂቃ ላይ ሃጂ በግራ መስመር በኩል ኳስ ያገኛል። ከጎሉ 35 ሜትር ያህል ይርቃል፤ ያለውም ጥጉ ላይ ነው። ሁሉም ያሻማል ብሎ ጠበቀ። ግብ ጠባቂው ኮርዶባም ማሻማቱን ጠብቆ ከመስመሩ ወጣ ብሏል። ሃጂ አንድ ጊዜ ቀና አለ። በግራ እግሩ ከፍ አድርጎ ለቀቃት። ኳሷ ከግብ ጠባቂው በላይ አልፋ በሩቁ ቋሚ በኩል ገባች። ጨዋታው 3 ለ 1 አለቀ።

ይህን ጎል ለልጆቻችሁ አሳዩዋቸው። ስታሳዩ ግን ምቱን ብቻ አታሳዩ። ከምቱ በፊት ያለችውን ሴኮንድ አሳዩ። ቀና ብሎ ያየባትን። ኳስ መምታት የሚችል ልጅ በየሰፈሩ ሞልቷል። ኳሷ እግሩ ሥር ከመድረሷ በፊት ግብ ጠባቂው የት እንደቆመ ያየ ልጅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ደግሞ በ28 ዓመት የሚጀመር ነገር አይደለም። ሃጂ ይህን የያዘው በልጅነቱ ነው።

ከዚያ በስዊዘርላንድ 4 ለ 1 ተሸነፉ፤ የሩማኒያን ብቸኛ ጎል ያገባው ሃጂ ነበር። አሜሪካን 1 ለ 0 አሸንፈው ከምድባቸው አንደኛ ሆነው አለፉ። ሐምሌ 3 ቀን አርጀንቲናን ገጠሙ። ማራዶና በአበረታች መድኃኒት ምርመራ ምክንያት ከውድድሩ ታግዷል። ሩማኒያም ራዱቾዩን በቅጣት አጥታለች። አሰልጣኙ አንገል ዮርዳኔስኩ ሌላ አጥቂ በመፈለግ ፋንታ አማካዩን ኢሊዬ ዱሚትሬስኩን ወደ ፊት ገፋው። ዱሚትሬስኩ በ18 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጎል አገባ። ሁለተኛዋን ያቀበለው ሃጂ ነው። ሦስተኛዋን በ58ኛው ደቂቃ፣ በመልሶ ማጥቃት፣ ሃጂ ራሱ በቀኝ እግሩ አገባ። 3 ለ 2 አለቀ። ከዚያ የዓለም ዋንጫ ከየትኛውም ጨዋታ ይህን ብታሳዩኝ ደጋግሜ ባይ አይሰለቸኝም።

በሩብ ፍጻሜው ስዊድን ጠበቀቻቸው። 2 ለ 2 ሆነ። በጭማሪ ሰዓት ሩማኒያ እየመራች፣ ስዊድን በ10 ሰው እየተጫወተች፣ 115ኛው ደቂቃ ላይ ኬኔት አንደርሰን በጭንቅላቱ አገባባቸው። በመለያ ምት ፔትሬስኩና ቤሎዴዲች ሳቱ። የስዊድኑ ግብ ጠባቂ ቶማስ ራቬሊ አዳነባቸው። ሩማኒያ ወደ ግማሽ ፍጻሜው ለመግባት አምስት ደቂቃ ሲቀራት ነው እንዲህ የሆነችው። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ከዚያ በኋላ ባርሴሎና ሁለት ዓመት ቆየ። በ1996፣ በ31 ዓመቱ፣ ኢስታንቡል ወደሚገኘው ጋላታሳራይ ሄደ። ብዙ ሰው አበቃለት አለ። ሃጂ ግን የክለብ ሕይወቱን ምርጥ ዓመታት ያሳለፈው እዚያ ነው። አራት ተከታታይ የሊግ ዋንጫ፣ ከ1997 እስከ 2000። ግንቦት 17 ቀን 2000 ደግሞ ኮፐንሃገን ላይ የዩኤፋ ካፕ ፍጻሜ ከአርሰናል ጋር። በጭማሪ ሰዓት ከቶኒ አዳምስ ጋር ተጋጭቶ ቀይ ካርድ አየ። ጋላታሳራይ በ10 ሰው ቀረ። ግን ያዙት፤ በመለያ ምት 4 ለ 1 አሸነፉ። የመጨረሻዋን ምት የመታው ጊካ ፖፔስኩ ነበር። ፖፔስኩ የሃጂ የአገሩ ልጅ ብቻ አይደለም፤ ሁለት እህትማማቾችን ስላገቡ ባጃናው ነው። ያ ዋንጫ አንድ የቱርክ ክለብ በአውሮፓ ያነሳው የመጀመሪያው ዋንጫ ሆነ።

ቀይ ካርዱን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሃጂ ቁጡ ነበር። በዚያው ዓመት በአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ከጣልያን ጋር በተደረገው፣ ለብሔራዊ ቡድኑ የመጨረሻ ውድድሩ በሆነው ጨዋታም፣ በቀይ ወጥቷል። ሽንፈትን አይችልም። ከሌላው ተጫዋች ያነሰ ነገር ሲያይ ትዕግስቱ ያልቃል። 124 ጊዜ ለአገሩ ተሰልፎ 35 ጎል ያገባ ሰው ነው። ለእሱ ቀላል የሆነው ነገር ለሌላው ለምን እንደሚከብድ አይገባውም ነበር። ይህ ጠባዩ ወንበር ላይም ተከተለው።

በ2001 መጫወት አቆመ። በዚያው ዓመት የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ሆነ። አስቡት፤ ምክትልነት የለም፣ የታዳጊ ቡድን የለም፣ ከሜዳ ተነስቶ በቀጥታ ትልቁ ወንበር ላይ። ለ2002ቱ የዓለም ዋንጫ በጥሎ ማለፍ ከስሎቬንያ ጋር ተገናኙ። ልዩብልያና ላይ 2 ለ 1 ተሸነፉ፤ ቡካሬስት ላይ 1 ለ 1 ወጡ። ቀሩ። ሃጂም ወጣ።

ቀጥሎ የቱርኩ ክለብ ቡርሳስፖር፤ ዓመቱን አልጨረሰም። በ2004 ጋላታሳራይ ጠራው። እዚያ አንድ ጥሩ ነገር አለው። በ2005 የቱርክ ዋንጫ ፍጻሜ ፌነርባቼን 5 ለ 1 አሸነፈ። ወጣቱ ፍራንክ ሪቤሪ በዚያ ቡድን ውስጥ ነበር። ግን ሊጉን ስላልወሰደ ተለያዩ። ከዚያ የሩማኒያው ክለብ ቲሚሾዋራ፣ አልዘለቀም። በ2007 ስቴዋ፤ ከክለቡ ባለቤት ጋር ባለመስማማቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ጥሎ ወጣ። በጥቅምት 2010 በድጋሚ ጋላታሳራይ፣ በፍራንክ ራይካርድ ቦታ። በመጋቢት 2011 አሰናበቱት።

አሥር ዓመት ነው። አንድ ዋንጫ። ያን ጊዜ ሃጂ አሰልጣኝ አይሆንም ብትሉኝ፣ እኔም አልከራከራችሁም ነበር።

ነገር ግን በ2009፣ ገና በዚህ ሁሉ መሀል እያለ፣ ሌላ ሥራ ጀምሮ ነበር። ከኮንስታንፃ አጠገብ፣ ኦቪዲዩ በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ፣ አካዳሚ ከፈተ። ለልጆቹ የሚያድጉበት ክለብ ደግሞ ቪቶሩል ኮንስታንፃ የሚባል አቋቋመ። ሜዳውን፣ ማደሪያውን፣ ትምህርቱን የጀመረው የራሱን ገንዘብ አውጥቶ ነው።

ለምን? ቅድም የነገርኳችሁን ማዕከል አስታውሱ። አገዛዙ ሲወድቅ ተሰጥኦ ያለውን ልጅ የሚለቅመው አሠራርም አብሮ ፈረሰ። የሚተካው አልመጣም። በ1990ዎቹ ዓለምን ያስደነቀው ትውልድ፣ እነ ሃጂ፣ እነ ፖፔስኩ፣ እነ ዱሚትሬስኩ፣ በድሮው ሥርዓት ያደገ ነው። እነሱ ሲያረጁ ከኋላ የሚከተል ጠፋ። ሩማኒያ ከ1998 በኋላ እስከ 2022 ድረስ በነበሩት ስድስት የዓለም ዋንጫዎች አንዱንም አልደረሰችም። ሃጂ ያደረገው መንግሥት ትቶት የሄደውን ሥራ በግሉ ማንሳት ነው። ልጅ ሆኖ እሱ ራሱ ያለፈበትን መንገድ፣ ያለ ቻውሼስኩ፣ በነፃ አገር እንደገና መክፈት።

ቪቶሩል ከሦስተኛው ዲቪዚዮን ጀመረ። በ2012 የአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ የሆነውን ሊግ 1 ገባ። ያኔ ብዙዎች ከላይኛው ሊግ ከደረስክ ልምድ ያላቸውን ግዛ አሉት። እሱ ልጆቹን አሰለፈ። መሸነፍ ነበረ፤ ላለመውረድ መታገል ነበረ። በ2014 ክለቡ ሲጨንቀው ራሱ ወርዶ አሰልጣኝነቱን ያዘ። በዚያው ዓመት ከአካዳሚው የወጣው ተከላካይ ክሪስቲያን ማኔያ በ16 ዓመቱ ለብሔራዊ ቡድኑ ተሰልፎ ነበር።

አሁን ልዩነቱን እዩት። ኢስታንቡል ላይ ሃጂ የሚያሠለጥነው ያለቀለት ተጫዋች ነበር። ሐሙስ ልምምድ፣ እሁድ ጨዋታ፣ ሁለት ጊዜ ከተሸነፍክ ጋዜጣው ይጮህብሃል። ቀና ብሎ ማየትን፣ ኳስን ከመቀበል በፊት ማሰብን፣ ከኋላ በቅብብል መውጣትን ለ28 ዓመት ሰው በሦስት ወር አታስተምርም። ኦቪዲዩ ላይ ግን ያው ሰው፣ ያው ቁጣ፣ ያው ለጥራት ያለው ጉጉት፣ በልጅ ላይ ዓመታት አገኘ። ልጁ በ12 ዓመቱ የሰማውን በ18 ዓመቱ ሜዳ ላይ ያደርገዋል። ዋናው ቡድንና ትንንሾቹ የሚጫወቱት በአንድ ሐሳብ ስለሆነ፣ ከታች የሚያድገው ልጅ አዲስ ቋንቋ አይጠብቀውም።

በ2017 የሆነውን ስሙ። ቪቶሩል የውድድር ዘመኑን ከቡካሬስቱ ክለብ ከኤፍሲኤስቢ ጋር እኩል ነጥብ ይዞ ጨረሰ። በእርስ በርስ ግንኙነት በልጦ ሻምፒዮን ሆነ። ኤፍሲኤስቢ ጉዳዩን ይግባኝ ብሎ እስከ ዓለም አቀፉ የስፖርት ፍርድ ቤት ወሰደው፤ አልሆነለትም። ከተመሠረተ ስምንት ዓመት የሆነው ክለብ፣ በልጆች ቡድን፣ የሩማኒያን ሊግ ወሰደ። በ2019 የሩማኒያ ዋንጫን ጨመረ። በመሀሉ ተጫዋቾቹን ይሸጥ ነበር። ራዝቫን ማሪን ወደ ቤልጅየሙ ስታንዳርድ ሊየዥ፣ ፍሎሪኔል ኮማን ወደ ኤፍሲኤስቢ፣ ቱዶር በሉፃ ወደ እንግሊዙ ብራይተን፣ የገዛ ልጁ ያኒስ ወደ ቤልጅየሙ ጌንክ። አንዱ ሲሄድ ቀጣዩ ይሰለፋል። አካዳሚው የሚተዳደረው በዚህ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን፣ ሃጂ ያገኘው ነገር እናንተ የምታገኙት ዓይነት አይደለም። የክለቡ ባለቤትና አሰልጣኙ አንድ ሰው ነበር። ስቴዋ ላይ ያባረረው ዓይነት ጣልቃ ገብነት እዚህ የለም። ስድስት ጨዋታ ቢሸነፍ የሚያሰናብተው የለም። ስሙም ወላጅን ያመጣል። ልጁን ሃጂ ጋ ለመስጠት የሚያመነታ ሩማኒያዊ አባት ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ እንደ ሃጂ ሁኑ ብዬ አልሄድም። ግን ጊዜ ያገኘው ሃጂና ጊዜ ያላገኘው ሃጂ አንድ ሰው ናቸው። አሰልጣኝ ስትቀጥሩም ሆነ ስትቀጠሩ ይህን አስቡት። በታዳጊ ቡድን ዋንጫ ስላላመጣ የሚባረር አሰልጣኝ ሳይ በጣም ነው የሚከፋኝ።

በ2021 ቪቶሩል ከፋሩል ጋር ተዋሐደ። ፋሩል ማለት ያ የልጅነት ክለቡ ነው። ስሙም ፋሩል ሆኖ ቀረ። ባጃናው ፖፔስኩም አብሮ ነበረበት። በግንቦት 2023፣ ኦቪዲዩ በሚገኘው ሜዳቸው፣ ኤፍሲኤስቢን ለዋንጫ ገጠሙ። 2 ለ 0 ተመሩ። ከዚያ ሦስት አገቡ። 3 ለ 2። ሃጂ በአሰልጣኝነት ሁለተኛ የሊግ ዋንጫውን አነሳ፤ በፋሩል ስም ደግሞ የመጀመሪያው ነበር። በ17 ዓመቱ ማልያውን ለብሶ የጀመረበት ክለብ በ58 ዓመቱ በእሱ እጅ ሻምፒዮን ሆነ።

የመጨረሻው ከጀርመኑ የ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ነው። ሩማኒያ በመጀመሪያው ጨዋታ ዩክሬንን 3 ለ 0 አሸነፈች። በአውሮፓ ዋንጫ ላይ ጨዋታ ስታሸንፍ ከ2000 በኋላ የመጀመሪያዋ ነው። ከሦስቱ ጎሎች ሁለቱን ያገቡት ራዝቫን ማሪንና ዴኒስ ድራጉሽ ናቸው። ሁለቱም በቪቶሩል አልፈዋል። በሁለተኛው ጨዋታ በቤልጅየም ተሸነፉ። በሦስተኛው፣ ፍራንክፈርት ላይ፣ ስሎቫኪያ 1 ለ 0 መራቻቸው። ነጥብ ያስፈልጋቸዋል። ያኒስ ሃጂ ኳስ ይዞ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ሲገባ ጠለፉት። በቪዲዮ ታይቶ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። የመታው ማሪን ነው። አገባ። 1 ለ 1 አለቀ፤ አራቱም የምድቡ ቡድኖች እኩል አራት አራት ነጥብ ይዘው ሩማኒያ አንደኛ ሆና አለፈች።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ስለ ቀይ ካርዱ የሚጠይቅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ።